የማዳም ቼን ካሴቶች

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ «በዚያ ድቅድቅ ጨለማ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር አፍራለሁ። ከሀዋሳ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በጋሪ ተቀምጬ ነው። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ስምንት ሰዓትን የመረጥኩት ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። በሌሊት የሚሄድ ሰው ይጠረጠራል፤ አብዮት ጠባቂዎቹም የሚነቁት በሌሊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ምሳቸውን በልተው ከዋርካው ሥር ጋደም ይላሉ። እንዲያውም አንደኛው ቀና ብሎ «ወዴት ነው ታምራት?» አለኝ። «ቱላ ደርሼ እመጣለሁ» አልኩት። ይኸው እስካሁን አልተመለስኩም።

እማዬ ከበር አልወጣችም። ከወጣች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ጎረቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ከወጣ ደግሞ ነገሩ አበቃ። ስለዚህ ውስጥ ሆና ዕቃ እያጠበች፣ ሳህኑን ከሳህን እያጋጨች ሸኘችኝ። ጋሪው ጥጉን እስኪዞር ድረስ የዕቃውን ድምፅ እሰማው ነበር። በከረጢቴ ውስጥ አንድ ሱሪ፣ መጽሐፍ ቅዱስና እሷ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ ነበሩ።

የተሰደድኩት ቴሌቪዥን ልይ ብዬ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው በቀበሌው አዳራሽ ብቻ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ በእንጨት ሳጥን ይቆለፍበታል፤ ቁልፉም ከሊቀመንበሩ ኪስ አይወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን እንቀመጣለን። አንድ ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ቁልፉን ከማውጣቱ በፊት ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ ለብሔራዊ ውትድርና የተመረጡትን ወጣቶች ስም አነበበ። እኔ አራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሳጥኑን ከፈተልን። በሩ ላይ ጠባቂ ስለቆመ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ስለ በቆሎ ምርት የሚለውን ሁሉ አየሁ። አንድም ቃል አላስታውስም። ታላቅ ወንድሜ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ደብዳቤውም ከቆመ ሰባት ወር።

ውትድርናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሄድ ነበር። ነገሩ ምሕረት ነበረች። ምሕረትን ያወቅኋት በመዝሙር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ ስለነበር በሰው ጓዳ እየተሰበሰብን በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። አርባ ሰው በሹክሹክታ ሲዘምር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማን በደንብ እንደሚዘምር ለማወቅ ከጎኑ መቀመጥ ያስፈልጋል። እኔም ከምሕረት ጎን እየተቀመጥኩ ለማወቅ ስሞክር ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ለአባቷ ለጋሽ ዱካለ ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ዱካለ ከአሮጌው ገበያ አጠገብ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚሰሙ፣ የላላ የጎማ ራጂ በጣታቸው ነክተው የሚያውቁ ሰው።

ይህን የምታነቡ የኛ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ሌሎች ግን ልብ በሉልኝ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። የልጅቷ አባት «እንማከርበታለን» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ቀጠሮ ከሰጠ ግማሽ እሺታ ነው፤ እምቢ ሊል የፈለገ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም። ጋሽ ዱካለ የአንድ ወር ቀጠሮ ሰጡ። ቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ስሜ በቀበሌው አዳራሽ ተነበበ።

«ሂድ፣ አምልጥ» አለችኝ ምሕረት። «አባዬን እኔ አቆያቸዋለሁ።»

መንገዱን አላረዝምባችሁም። ዲላ፣ ያቤሎ፣ ከዚያ ሞያሌ፣ ሁሉም በጭነት መኪና። ድንበሩን ያለፍኩት ከአንድ ፍየል ነጋዴ ጋር ፍየል እየነዳሁ ነው፤ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ፍየሎቹ ናቸው የነዱኝ ማለት ይሻላል። ማዶ ያለው ኬላ ጠባቂ ከረጢቴን አስፈትቶ ዳቦ ቆሎውን አየ፤ ይህ ምንድነው አለኝ። ቅመስ አልኩት። አንድ እፍኝ ቀመሰ፣ ሁለተኛ ቀመሰ፣ ጓደኛውን ጠራው። የእማዬ ዳቦ ቆሎ እዚያው አለቀ፤ እኔ ግን አለፍኩ።

ናይሮቢ ቀዝቃዛ ናት። አፍሪካ ውስጥ ሐምሌ ላይ በካፖርት የሚሄድ ሕዝብ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ሆድ በመሙላት እንደ ቆጮ ነው፤ ግን ቅቤውም ጣዕሙም የለውም። ዓሣ እንደልብ አይገኝም፤ ከተገኘም ድርቅ አድርገው ጠብሰው ነው። ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ የቆሮሶ ዓሣ በዳጣ የበላ ሰው ይህን ዓሣ ሲያይ ለዓሣው ያዝናል። አንድ ነገር ግን ልቤን አሞቀው። ሰዓታቸው እንደኛ ነው! በስዋሂሊ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ አንድ ሰዓት ነው፣ ሁለት ሲሉም ሁለት። ማታቱ በሚሉት ታክሲያቸው ውስጥ ይህን የሰማሁ ቀን ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ያ ዘመድነት ጉድ ሠራኝ። ለስደተኛ ወረቀት ወደሚሰጥ አንድ ቢሮ ሄጄ ለቃለ መጠይቅ «ዘጠኝ ሰዓት» ተባልኩ። እዚህ አገር እንደኛ ነው የሚቆጠረው ብዬ፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ልክ ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከተፍ አልኩ።

«ስድስት ሰዓት ዘግይተሃል» አለኝ ጸሐፊው በእንግሊዝኛ።

«እንዲያውም አምስት ደቂቃ ቀድሜአለሁ» አልኩት።

«በየትኛው አገር ሰዓት?»

«በእናንተ አገር።»

እዚያ ቢሮ የሚቆጥሩት በእንግሊዝኛ ነበረ። ጸሐፊው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ «ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ሦስት ወር የት እንደማድር አልጠየቀኝም። እንዲህ ነው ሥራና ቤት ፍለጋ ማዳም ቼን ምግብ ቤት በር ላይ የቆምኩት።

ማዳም ቼን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲራመዱ ወለሉን የሚቀጡ የሚመስሉ ሴት። ባላቸው ሞተው ምግብ ቤቱን ብቻቸውን ነው የሚያስተዳድሩት። በተሰባበረ እንግሊዝኛና በተሰባበረ ስዋሂሊ ነበር የምንግባባው፤ እዚህ የምጽፈው አቃንቼ ነው።

«ትሰርቃለህ?» አሉኝ።

«አልሰርቅም።»

«ትጠጣለህ? ታጨሳለህ?»

«ጴንጤ ነኝ፤ ዘማሪ ነኝ።»

«ሌሊት ሌሊት ትዘምራለህ?»

«የኛ መዝሙር በሹክሹክታ ነው፤ አይረብሽም።»

ትንሽ አሰቡና «ፊልም ታያለህ?» አሉኝ። ቴሌቪዥን ካየሁ ምን እንደሚመጣብኝ ስለማውቅ አላይም አልኩ። «እንግዲያው ሌላ ቤት ፈልግ» አሉ። ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። እኅታቸው ከሆንግ ኮንግ የቪዲዮ ካሴት ይልኩላቸዋል። ምሳ ካለቀ በኋላ፣ የራት ደንበኛ ሳይመጣ፣ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል ያያሉ። ግን ብቻቸውን ማየት አይወዱም። «ብቻዬን ሳለቅስ ያመኛል» አሉኝ ጎናቸውን በጉበት በኩል እያሳዩኝ። እናም የዕቃ አጣቢነት ሥራና ከሩዝ ጆንያ ጋር የምጋራት ክፍል ያገኘሁት ከሳቸው ጋር ተቀምጬ ለማልቀስ ተስማምቼ ነው።

የፊልሙን ርዕስ እስከዛሬ አላውቀውም፤ ፊደሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። አርባ ካሴት ነው ተባልኩ። የጥንት ዘመን ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሐር ለብሷል፤ የአንዱ እጅጌ ስፋት ለቤተሰብ ጋቢ ይበቃል። አንዲት የሐር ነጋዴ ልጅ አለች፤ አንድ አባት የሌለው ደሃ ተማሪ አለ። ተማሪው ለመንግሥት ፈተና ወደ ዋናው ከተማ ሊሄድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስም የሚጠራ ሰው ቢመጣ ብዬ በር በሩን እያየሁ ነበር የምቀመጠው። አምስተኛው ካሴት ላይ በሩን ረሳሁት። አስቡት፤ እስከ ሃያኛው ካሴት ድረስ ልጁና ልጅቷ እጅ ለእጅ እንኳ አልተነካኩም! አንዴ ብቻ እጅጌው እጅጌዋን ነካ፤ ማዳም ቼን ያን ጊዜ ትራስ ነከሱ። እኔም ከኛ መዘምራን ጋር የሚስማማ ፊልም ነው ብዬ ተደሰትኩ። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ሰው አንገቱን ሲደፋ ምን ማለት እንደሆነ ለሀዋሳ ልጅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ይህን ብልም አንድ ትልቅ ነገር ተሳስቼ ነበር። ጆሮዋ ላይ ቀይ አበባ የምትሰካ፣ ወፍራም፣ ወሬኛ ሴትዮ አለች። እኔ የልጅቷ ክፉ አክስት ናት ብዬ ዐሥር ካሴት ሙሉ ጠመድኳት። ብቅ ባለች ቁጥር «አሁን ደግሞ ምን ልታደርግ ነው» እላለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሴትዮዋ ወደ ነጋዴው ቤት ገባች። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ሻይ ቀረበላት፣ ስለ መንገዱ አወራች፣ ነጋዴው አንገቱን ነቀነቀ፣ ሸኟት። በሚቀጥለው ካሴት ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ስለ ዝናቡ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ይቺ ሴትዮ ሽማግሌ ናት!» አልኩ በአማርኛ።

ማዳም ቼን ምን ሆነህ ነው አሉኝ። እያስረዳሁ ሄጄ ሄጄ ምሕረት ላይ ደረስኩ። ስለ ቀጠሮው፣ ስለቀሩት ዘጠኝ ቀናት፣ ስለ ጋሪው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማዳም ቼን የቪዲዮ ማጫወቻውን አጠፉት። ፊልም መሀል ላይ ሲያጠፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ የምሕረት ደብዳቤ ደረሰኝ። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ የሆነ፣ ቤትና ብስክሌት ያለው ሰው ሽማግሌ ልኮባታል። ጋሽ ዱካለ የመጨረሻ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ «ታምራት ሽማግሌ ልኮ ቀጠሮውን ጥሎ የሄደ ነው። ልጄን ለመንገድ አልሰጥም። ያለበትን ቤት ያየ፣ አኗኗሩን የሚመሰክር፣ ዕድሜ የጠገበ ሰው ካለው ያስጠይቅ። እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ለዚያኛው መልስ እሰጣለሁ።» ምሕረት ከታች «እኔ አቅሜ እዚህ ድረስ ነው» ብላ ጽፋለች። ፋሲካ ሊደርስ አራት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ዕድሜ የጠገበ ሰው ከየት ላምጣ? ናይሮቢ የነበርን የአገር ልጆች ሁላችንም ከውትድርና የሸሸን ጎረምሶች ነን። ከኛ ሁሉ ትልቁ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እሱም ትምህርት ቤት ለመግባት ሃያ አንድ ነኝ ብሎ አስመዝግቧል። ያን ሰሞን ሦስት ሳህን ሰበርኩ። ማዳም ቼን ጠሩኝና ደብዳቤውን አስነበቡኝ።

«እኔ ስልሳ ስምንት ነኝ» አሉ። «አይበቃም?»

«ሽማግሌ ወንድ ነው የሚሆነው፣ ማዳም» አልኩ በትሕትና።

እሳቸውም ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ። ባለ ቀይ አበባዋ ሴትዮ እዚያ ቆማ ነጋዴውን አንገቱን እያስነቀነቀችው ነበር።

አሠለጠንኳቸው። እኛ ጋ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ በዝናብ፣ በጤና ይጀመራል አልኳቸው። «ዐሥራ ሰባተኛው ካሴት ላይ አይተኸዋል፤ እኛም እንደዚያው ነን» አሉኝ። ልጁን ያለ ልክ አያሞግሱ አልኳቸው። «ለዚህ አታስብ» አሉ። ስልኩን በተመለከተ፣ ለሀዋሳ ስልክ ቤት ቀድሞ ጥሪ ይላካል፤ ተጠሪው በተባለው ቀንና ሰዓት መጥቶ ይጠብቃል። እዚያ ስልክ የምታገናኘው ገነት ከኛው መዘምራን ናት፤ ስሜን ለማንም እንደማታነሳ አውቅ ነበር። ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የማን ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ አራት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ቅዳሜ ማዳም ቼን የሐር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ወረዱ። ስልክ እኮ አያሳይም አልኳቸው። «እኔ ግን ራሴን አየዋለሁ» አሉ። አንድ ችግር ግን ነበር። በኛ ደንብ ሽማግሌ ሲጠይቅ ልጁ እዚያ አይገኝም፤ ከተገኘም አይናገርም። እኔ ካልተናገርኩ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች አይግባቡም። መስመሩ ተንጫጫ፣ የገነት ድምፅ «ይቅረቡ» አለ፣ ቀጥሎ የጋሽ ዱካለ ጉሮሮ መጥረግ ተሰማ።

«አስተርጓሚው ማነው?» አሉ።

ድምፄን አወፈርኩና «ጋሽ ዱካለ፣ እኔ…» ስል አቋረጡኝ። «ስም አያስፈልግም። አስተርጓሚ ነህ፤ በቃ። ለእኒህ እናት ሰላምታዬን ንገርልኝ።»

ገብቷቸዋል። እኔም እንደገባቸው ገባኝ። ማዳም ቼን በዝናብ ጀመሩ። ጋሽ ዱካለ ደስ አላቸው፤ ዘንድሮ ቀድሞ እንደጣለ፣ ሐይቁ እንደሞላ፣ ጭቃው ለብስክሌት ሰንሰለት መጥፎ እንደሆነ ነገሯቸው። እኚያ ትንሽ የሚናገሩ ሰው! እኔ መሀል ቆሜ ዝናብ አመላልሳለሁ። ከዚያ ጋሽ ዱካለ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ልጁ ሰነፍ ነው ይባላል። እውነት ነው? ጠይቅልኝ።»

ጠየቅሁላቸው። «ጠዋት ጠዋት ሰነፍ ነው» አሉ ማዳም ቼን ሳያመነቱ። «ድስት ግን በደንብ ያጥባል።»

«ጠዋት ላይ ትንሽ ይከብደዋል ነው የሚሉት» አልኩ።

«እንደዚያ ነው ያሉት?»

«ሰነፍ ነው ነው ያሉት» አልኩ።

«እንደሱ ተርጉም።»

ይጠጣል ወይ አሉ፤ ሻይ፣ ያውም ስኳር አብዝቶ፣ ተባሉ። የት ነው የሚያድር አሉ፤ ከሩዝ ጆንያዎቹ ጋር፣ በሩም በማዳም ቼን ቁልፍ ነው የሚዘጋው፣ ተባሉ። ይህን ሁሉ በገዛ አፌ ነው የተናገርኩት። ማዳም ቼን ጥሩ ይዘውት ነበር፤ እንዲያውም ቀይ አበባዋን ያስንቃሉ እያልኩ ነበር። በዚህ መሀል ጋሽ ዱካለ የፈራሁትን ጠየቁ።

«ቀጠሮ ሰጥቼው ነበር። ለምን ጥሎት ሄደ?»

ተረጎምኩ። ለዚህ አልተዘጋጀንም ነበር። ስልኩን ለሁለት ይዘን እንደቆምን ማዳም ቼን ግድግዳውን አዩ። ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እስክተረጉም እየጠበቁ።

«ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ» አሉ። «ሎንዶን ናቸው። ሲሄዱ ማንም አላባረራቸውም፤ በዓመት አንድ ካርድ ይልካሉ። ይህ ልጅ ተባሮ ነው የመጣው። በየቀኑ ከጎኔ ይቀመጥና በማይሰማው ቋንቋ አንድ ደሃ ተማሪ የወደዳትን ልጅ እንዲያገኝ ሲጸልይ አየዋለሁ። ያለቅሳል። ጥሎ የሄደ ሰው አያለቅስም።»

«ያለቅሳል» የሚለው ለልጅቷ አባት እንዴት ይነገራል? አድበስብሼ ልዝለለው ብዬ ነበር። ግን ጋሽ ዱካለ የዘለልኩትን እንደሚይዙ ታየኝ። «ያለቅሳል ነው የሚሉት» አልኩ። ድምፄ ወፍራም መሆኑ ቀርቶ የራሴ ሆኖ ወጣ።

መስመሩ ሲንጫጫ ቆየ። የተቆረጠ መሰለኝ።

«በስልክ ልጅ አይሰጥም» አሉ ጋሽ ዱካለ።

ተረጎምኩ። የማዳም ቼን ፊት ጠቆረ።

«ከቤተሰብ ጋር እንማከርበታለን። ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በዚሁ ሰዓት ይደውሉልኝ በልልኝ።»

ይህን ገና ሳልተረጉም፣ ማዳም ቼን ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው «እምቢ አሉ አይደል? ሰነፍ ያልኩት ነው ያበላሸው» አሉ። «ኧረ ቀጠሮ ሰጡ!» አልኳቸው። «ከፋሲካ በኋላ! ያኛው ሰውዬ መልስ የሚጠብቀው እስከ ፋሲካ ነው፤ እሱን ትተውታል ማለት ነው።» ማዳም ቼን ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና የሐር እጅጌያቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጠረጉበት።

«አስተርጓሚ» አሉ ጋሽ ዱካለ።

«አቤት፣ ጋሽ ዱካለ።»

«ምሳ በልተሃል፣ ልጄ?»

ከዚህ ወዲያ የተሰማው ጩኸት ብቻ ነው። መስመሩ ተቆረጠ። እኔ ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ ማዳም ቼን መጨረሻ ላይ ምን አሉ ብለው ነዘነዙኝ።

«ምሳ በልተሃል ወይ አሉኝ።»

«አንተን?»

«እኔን።»

«ምን አልካቸው?»

«ሳልመልስ ተቆረጠ።»

ማዳም ቼን ተቆጡኝ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? መልሰህ ደውልና ንገራቸው። ሰውዬው ሲጨነቁ ሊያድሩ ነው።»

ደወልን። የሀዋሳ መስመር ግን እስከ ሰኞ አልተገኘም።